ሃያሲዎች የወደዱት ለቅሶ

ሃያሲዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ እናቴ ለቅሶ ጽፈው አልጠገቡም። እናቴ የታየችበት ፊልም ስለ አንድ የአዳሪ ትምህርት ቤት አስተማሪና ስለ አስቸጋሪ ተማሪዎቹ ነው። መጨረሻ ላይ አንዱ ተማሪ ይሞትና አስተማሪው እናቱን ሊያረዳ ይሄዳል። በሩን የምትከፍተው የእኔ እናት ናት፤ ሸጌ። «እንዲህ ያለ ትወና በአገራችን አልታየም» ይላሉ በዕብራይስጥ። ትወና! እናቴ ዋሽታ እንኳ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊልሙ ሰዎች አቲቆት ሰፈር ያለውን ቤታችንን ለቀረጻ ሲጠይቁን ከሰዓት በኋላ እንመጣለን ብለው ነበር። የመጡት ግን ጎህ ሲቀድ ነው፤ ጎረቤቶቻችንን ነጠላ አዘቅዝቀው ከፊት አስቀድመው፣ ካሜራውን ከኋላ ደብቀው። ዳይሬክተሩ እኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ እንደሚነገር ሰምቶ ኖሯል። ጎረቤቶቹንም «እሷ ታውቃለች» ብሎ አታለላቸው። ደርሶ የሚባለው ወንድሜ ያኔ ወታደር ነበር። እናቴ ሰዎቹን እንዳየች መሬት ላይ ተፈጠፈጠች፣ ፊቷን ቧጨረች። እነሱ ዝም ብለው ቀረጹ።

ደርሶ ለሻባት፣ ለሰንበት እረፍቱ፣ ደህና ሆኖ መጣ። እናቴ ግን በቁሙ አልቅሼለታለሁ ብላ እንደፈራች ቀረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መኪና ገጭቶ ገደለው።

ሰሞኑን ፊልሙ ታድሶ አፍሪዳር ሰፈር ባለ አዳራሽ ሲታይ ጋበዙን። እናቴ እሺ ያለችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ለቅሶ ከፊልሙ እንዲያወጡላት ልትለምን።

ኤራን የሚባል ሃያሲ መድረክ ላይ አፉን ሞልቶ አሞገሳትና «ያንን ስሜት ከየት አመጣሽው?» ብሎ ማይክሮፎኑን ሰጣት። እሷ በአማርኛ ተናገረች፣ እኔ ወደ ዕብራይስጥ አስተረጎምኩ።

«ልጄ ጻቫ፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ ነበር። ሞተ ብለው መጡብኝ፣ አለቀስኩ። ኋላ ሴሬት ነው፣ ፊልም ነው አሉኝ። የእውነቱ መርዶ ሲመጣ ጎረቤቶቼ በሬ ላይ ቆመው እያለቀሱ፣ እኔ ካሜራው የት አለ ብዬ ፈለግሁ። ሳቅሁባቸው። እንባዬን ለእናንተ ጨርሼ ለልጄ አጣሁለት። በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ፣ ያንን አጥፉልኝ።»

 ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።  ኤራን ዓይኑን እየጠረገ፣ ንግግሯ እንደተቀረጸ፣ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ተጨምሮ በየትምህርት ቤቱ እንደሚታይ አበሰረ።

«ምን አለ፣ ሜራቭ? ሊያጠፉት ነው?» አለችኝ እናቴ።

መዋሸት አቃተኝ። «አይ እማ። የተናገርሽውን ጨምረው ለተማሪዎች ሁሉ ሊያሳዩት ነው።»

ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ታዲያ ልጄ ስንት ጊዜ ይሙት?»

ኤራን ማይክሮፎኑን ወደ እኔ አስጠግቶ «ምን አለች?» ሲል ጠየቀኝ። ይህንንስ አልሰጠውም ብዬ ዝም አልኩ።