የግራ እጅ ድርሻ

ቦንጋ ዳር ባለው የቡና መቀሸሪያ ቤት ቁስል የማጥበውና የማሽገው እኔ ነበርኩ። ሥራው አልከበደኝም፤ ያቃጠለኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ሁሌም ግራ እጃቸውን፣ ከአንጓው ከፍ ብሎ ተጭረው ይመጣሉ። ምን ቆረጠሽ ስላት አንዷም አትነግረኝም። እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስላሉ። ታናሽ እህቴ አልጣሽ እንኳ፣ እዚያው ማሽኑ ላይ የምትሠራው፣ ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች። እኔ ደግሞ ቶሎ ነው ደሜ የሚፈላው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈለቀ በዚያ ሰሞን ካይዘን ከሚሉት የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ሥልጠና ተመልሰው ነበር። «ላቀች፣ ትንሿም ጉዳት ሪፖርት ትደረግ» አሉኝ። «ሥሯን እስክታገኚ ለምን፣ ለምን እያልሽ ጠይቂ።»

ማሽኑ ቆሞ ሳለ ሴቶቹ ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለውን ደረቅ ቡና፣ የሚገፉበትን አፉን ዳሰስኩ። ከጣውላው ጀርባ ጫፉ ያፈነገጠ ብሎን አገኘሁ። መካኒኩ ቆረጠው፣ ጣውላውም ተቀየረ። ኮራሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚቆስል ጠፋ፣ ግን ቤቱም ጨዋታ ጠፋበት። ማሽኑ ሲነሳ ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ያፈገፍጋሉ። ብዙም ሳይቆይ ቁስሉ ተመለሰ፤ ያው ግራ እጅ፣ ያው ቦታ። ሄጄ አዲሱን ጣውላ ደጋግሜ ዳሰስኩት። ልስልስ ያለ ነው። የሚቆርጥ ነገር የለውም።

በምሳ ሰዓት ሞተሩ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሲወጣ ተመልሼ ገባሁ። ከሴቶቹ ትልቋ እትዬ ተሾመች ብቻቸውን ቆመዋል። በቀኝ እጃቸው ምላጭ ይዘዋል፤ የግራ እጃቸውን ደም በማሽኑ እግር ላይ ያብሳሉ። ግራሶ የጠገበው ብረት እስከ ጉልበታቸው ድረስ በደረቀ ደም ቡናማ ሆኗል።

«እትዬ ተሾመች! ምን እያደረጉ ነው?»

አልደነገጡም። «አንቺ የማንኪራ ጫካ ልጅ አይደለሽ? አባትሽ ማር ሲቆርጥ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ለማን ነበር የሚተው?»

«ለቦታው፣ ለቆሌው።»

«ይሄስ ቦታ አይደለም? ብሎኑ እያለ ድርሻውን ራሱ ይወስድ ነበር። አንቺ አስቆረጥሽበት። አሁን እኛ እንሰጠዋለን።» ዓይናቸው ግራ እጄ ላይ ዐረፈ። «ያልሰጠሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«አባቴ ማር ነው የተወው፣ ደም አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ያኔ ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ የቆመው ቺንጋ፣ በቀስታ ተንሸራተተና ቆመ። ሞተሩ ሲበርድ ነው አልኩ፣ ለራሴ።

በማግስቱ አልጣሽ እጇን በነጠላዋ ሸፍና መጣች። ገልጬ ሳየው እስከ ክርኗ አብጧል፤ ይፋጃል። ግራሶው ገብቶበት አመርቅዟል። የተቆረጠው ሁለት ቦታ ነው።

«ለምን ሁለት?»

«አንዱ የኔ ነው።»

«ሌላውስ?»

«ያንቺ ነው፣ እታለም። ማሽኑ እንዳይጠይቅሽ ብዬ።»

ወደ ጤና ጣቢያ ስወስዳት ባጃጅ ውስጥ እያለቀስኩ ተቆጣኋት። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣታል፣ እሷ ግን ፈገግ ትላለች። «አንቺ እስክትሰጪ እኔ ያንቺን ድርሻ መስጠት አልተውም» አለችኝ። ሐኪሙ መርፌውን ወግቶ፣ እጇ መትረፉን ገና እናያለን አለ።

አቶ ፈለቀ ደወሉ። «ሥሩ ተገኘ?»

«እህቴ ስለምትወደኝ ነው» አልኳቸው።

«ይሄማ ሪፖርት ላይ አይገባም፣ ላቀች። ሌላ ፈልጊ።»

ሌላ አልፈለግኩም። አልጣሽን አውቃታለሁ፤ ግራ እጇ ቢቆረጥ በቀኙ ትመጣለች። ወደ መቀሸሪያው ተመለስኩ። ሴቶቹ ማሽኑን ከበው ቆመዋል፤ ፊቴን ያየ የለም፣ ሁሉም የሚያዩት እጄን ነው። እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«እትዬ ተሾመች፣ ምላጩን ያምጡት» አልኩ።