ከስሟ ጋር የታሰረው ስም

ጌይነር ሃርግሪቭስ ሦስት መቶ ሃምሳውን ፓውንድ ለብድር ደላላው የከፈለችው ማክሰኞ ከሰዓት፣ የምትሠራበትን ትምህርት ቤት የወጥ ቤት ሽርጥ እንኳ ሳታወልቅ ነው። ብድሩ ተገኘም አልተገኘም ገንዘቡ አይመለስም። ይህን ደላላው ራሱ ሁለት ጊዜ ነግሯታል፣ ውሉም ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ በኋላ አታለለኝ ማለት አትችልም። ደግሞም አላታለላትም። ከሰው ገንዘብ ተቀብሎ የሚሰወር ደላላ የትም አይጠፋም፤ ኢምቲያዝ ግን ከአንድ ምንጣፍ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ቢሮው ስምንት ዓመት ሙሉ ባንክ ፊት የነሳቸውን ሰዎች ጉዳይ ሲያስፈጽም የኖረ፣ እውነቱን ሳይሸፋፍን የሚናገር ሰው ነው።

በእንግሊዟ በርንሊ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት የተከራየችው ቤት ባለቤት ሞተው ልጃቸው ልትሸጠው ነው። ደግነቷ፣ «ለሌላ ገዢ ከማሳየቴ በፊት፣ እርስዎ እንዲገዙት ሦስት ወር እጠብቅዎታለሁ» ብላታለች። ጌይነር ደግሞ ከዚያ ቤት መውጣት አትችልም። ጣሪያው ያፈሳል፣ መታጠቢያ ቤቱ ይበርዳል፤ ቢሆንም ልጇ ከርቲስ አንድ ቀን ልቡ ራርቶ ቢመጣ የሚያንኳኳው በር ያ ብቻ ነው።

ኢምቲያዝ ስለ እሷ የተመዘገበውን የብድር ታሪክ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ቀስ ብሎ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«የእርስዎ ስም እኮ ክፉ አይደለም» አላት። «የቫን መኪናውን ብድር ብቻዎን ከፍለው ጨርሰዋል። ጉድ ያፈላው አብሮዎት የተበደረው ሰው ነው። ከርቲስ ሃርግሪቭስ። ባለቤትዎ ነው?»

«ልጄ ነው።»

«አብራችሁ ስለተበደራችሁ ስሙ ከስምዎ ጋር ታስሯል። እሱ ሌላ ቦታ ተበድሮ ባልከፈለ ቁጥር እርስዎንም እንደ እሱ ያይዎታል፣ አበዳሪው ሁሉ። ይህን መፍታት አለብን። ከልጄ ጋር ምንም የገንዘብ ግንኙነት የለኝም ብለው ይፈርማሉ። በእርስዎ አድራሻ የሚመጣለትን ደብዳቤም ሳይከፍቱ፣ እዚህ አይኖርም ብለው ይመልሱታል። ለመሆኑ የእሱን ወሬ ከሰሙ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ባለፈው ሐሙስ ነው የሰማሁት።»

«ደውሎ?»

«ኧረ፣ የፍራሽ መደብሩ ጽፎ።»

ኢምቲያዝ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ከርቲስ ከአራት ዓመት በፊት፣ አብረው ተበድረው በገዙት በዚያው ቫን ነገር ከእናቱ ጋር ተጣልቶ፣ በሩን በላይዋ ላይ ወርውሮ ወጣ። ስልኩን ቀየረ። የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ግን የገባበት ሁሉ በዱቤ ይገዛል፣ አድራሻ ሲጠይቁት የእናቱን ቤት ይሰጣል፣ ከዚያ አይከፍልም። ጌይነር ስለ ልጇ የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው «ክፈል» ከሚሉ ደብዳቤዎች ነው። ሃል ከተማ እንዳለ የነገራት የስልክ ድርጅቱ ነው። አንድ ክረምት ወፍራም ካፖርት ገዛና «እሰይ፣ አይበርደውም» አለች። ቀጥሎ ፍራሽ ገዛ፤ ለሁለት ሰው የሚሆን። ያን ሳምንት ደስታ አላስቀምጥ ብሏት ከረመች። የሌላው እናት እሑድ እሑድ ስልክ ይደወልላታል። ለጌይነር ማስጠንቀቂያ ይመጣላታል። ሰው «ልጅሽ እንዴት ነው?» ሲላት፣ «ደህና ነው፣ ሃል ነው ያለው» ትላለች፣ አሁን ያዋራችው ይመስል። ማታ ቤቷ ገብታ ግን አንድ ድንች ጋግራ ብቻዋን ትበላለች።

በማግስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ባልደረባዋ ዌንዲ ጉዷን ሰማች።

«ሦስት መቶ ሃምሳ! ገና ብዕር ሳያነሳ!» አለች ካሮቷን ትታ። «እኔ በዚያ ገንዘብ ስፔን ሄጄ ፀሐይ እሞቅ ነበር።»

«አንቺ ፀሐይ ስትሞቂ ቲማቲም ነው የምትመስይው።»

«ልምሰላ! ሰው ዘወር ብሎ ያየኛል። ይልቅ ፈርሚ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎረምሳ እኮ ነው። ወረቀት ላይ ካድሽው ተብሎ ልጅሽ መሆኑ አይቀር።»

«ደብዳቤው ቢቀርስ?»

«የምን ደብዳቤ?» አለች ዌንዲ። ጌይነር ዌንዲ የተወችውን ካሮት አንስታ መላጥ ጀመረች።

ሌላ ምርጫ እንደሌላት ታውቃለች። ባትፈርም ቤቱ ይሄዳል፣ ቤቱ ሲሄድ ደብዳቤውም አብሮ ይሄዳል። ፈረመች። በአምስት ሳምንት ውስጥ የመጡትን ሁለት ደብዳቤዎች ሳትከፍት፣ «እዚህ አይኖርም» ብላ ጽፋባቸው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው። እየጻፈች አለቀሰች። ኢምቲያዝ ደውሎ፣ «እንኳን ደስ አለዎት፣ አንድ አበዳሪ እሺ ሊል ነው፤ የመጨረሻ ማጣራት ብቻ ቀርቶታል» ሲላትም ደስታው ሙሉ አልሆነላትም።

ሦስተኛው ደብዳቤ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ፖስታው ጥግ ላይ የሕፃን ጋሪ ተስሏል።

«እዚህ አይኖርም» ብላ ልትጽፍ ብዕር አነሳችና ተወችው። ፖስታውን ቀዳ ከፈተችው። ውድ አቶ ሃርግሪቭስ፣ ይላል፣ በዱቤ የወሰዱትን የሕፃን ጋሪ የሦስት ወር ክፍያ ስላልፈጸሙ፣ እስከ ዓርብ ካልከፈሉ ንብረታችንን መልሰን እንወስዳለን።

ጌይነር ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አያት ሆናለች። ከሆነች ምናልባት ወራት አልፈዋል፤ ይህን የምትነግረው አንድ ሰው እንኳ በቤቱ የለም። ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ደወለች።

«ስለ ሂሳቡ ከራሳቸው ከአቶ ከርቲስ በስተቀር ለማንም መናገር አልችልም፣ እናቴ» አለቻት ስልኩን ያነሳችው ልጅ።

«ስለ ሂሳቡ አይደለም የጠየቅኩሽ። ጋሪው ለአንድ ልጅ ነው ለመንታ?»

«እሱንም መናገር አልችልም።»

«ቀለሙንስ?»

«አዝናለሁ።»

«እሺ፣ መክፈልስ እችላለሁ?»

«መክፈል ማንም ይችላል። የካርድዎን ቁጥር ይንገሩኝ።»

ዘጠና ስድስት ፓውንድ ነው። ጌይነር ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችላት። አበዳሪው ሂሳቧን ዳግመኛ እንደሚያይ ኢምቲያዝ አስጠንቅቋት ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ኢምቲያዝም ቤቱም ትዝ አላላትም፤ የታያት ልጅ ያለበትን ጋሪ ሰው መጥቶ ሲጎትት ብቻ ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ ኢምቲያዝ ቢሮው ጠራት። የባንክ ወረቀቷ ላይ አንዷን መስመር በቢጫ ቀለም አስምሮባታል።

«ምነው ጌይነር?» አላት፤ ንዴቱም ሐዘኑም አንድ ላይ መጡበት። «ምንም ግንኙነት የለኝም ብለው ፈርመው፣ ሁለት ወር ሳይሞላ የእሱን ዕዳ ይከፍላሉ? አበዳሪዎቹ ዋሽታናለች እያሉ ነው።»

«ጋሪውን ሊወስዱበት ነበር።»

«ይስሙኝ። አንድ መውጫ አለ። በስህተት ነው የከፈልኩት፣ የራሴ ዕዳ መስሎኝ ነው ብለው ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ትበቃለች። የተቀረውን ለእኔ ይተዉት።»

ብዕሩን አቀበላት። ጌይነር ተቀበለችው። አንዴ ፈርማ ልጇን ክዳለች። ያም ብዙ ነው።

«ስህተት አልነበረም» አለችና ብዕሩን መለሰችለት።

ኢምቲያዝ ደረጃው ድረስ ሸኛት። ሌላ ደንበኛ ቢሆን አይሸኝም።

ብድሩ ቀረ፤ ቤቱ ለአንድ ወጣት ባልና ሚስት ተሸጠ። ጌይነር ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል አገኘች። ልትወጣ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ሳህኖቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች ሳለ ፖስታ ገባ። በስተጥጉ ጋሪ ተስሎበታል። ውድ አቶ ሃርግሪቭስ፣ ይላል፣ ክፍያዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።

ከርቲስ ይህን አያይም። ለምን መጥተው እንዳልወሰዱበትም አያውቅም፤ ረስተውኝ ነው ብሎ ስቆ ይሆናል። ቀጣዩን ደብዳቤ ደግሞ እነዚያ ባልና ሚስት ይቀበሉታል።

«ምንም አይደል፣ ልጄ» አለች ጌይነር ጮክ ብላ። «ልጅህ ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ብላ ልትጠይቀው ፈለገች። የእሱን ስልክ ፍለጋ ወረቀቱን ገልብጣ አየች፤ የተጻፈበት ስልክ የድርጅቱ ብቻ ነበር።