ካሜራው ነው

ሁለቱ እህትማማቾች አባታቸው በተወላቸው ፎቶ ቤት አብረው ይሠሩ ነበር። ታናሺቱን ሥራውን ያስተማረቻት ታላቂቱ ናት። አጎታቸው ለታናሽየዋ ምረቃ አዲስ ካሜራ ከገዛላት ወዲህ ግን ደንበኛው ሁሉ በሩን ከፍቶ፣ «ትንሿ የለችም እንዴ?» ማለት አመጣ።

«ካሜራው ነው» ትላለች ታላቅየዋ።

ቤቱ ጭር ሲል የራሷንና የእህቷን ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን ትከፍትና የሙሽሮች ሽፋሽፍት ነጠብጣብ እስኪሆን ድረስ ታጎላለች። ስትፈልግ አላጣችም፤ በእሷ ፎቶ ጥላው ውስጥ ደቃቅ አሸዋ የተበተነ ይመስላል፤ የእህቷ ግን ጥርት ያለ ነው። ፎቶ ሊመርጡ ለመጡ የሙሽራ እናት ሳይቀር አሳየቻቸው።

«ከጆሮዋ ሥር ያለውን ይዩት እስቲ።»

«የኔ ልጅ፣ ጆሮዋን ምን ላድርገው? ፊቷን አሳዪኝ እንጂ!»

ታናሽየዋ ይህን ሰምታ ዝም ማለት አቃታት። «እትዬ፣ በቃ ካሜራ እንለዋወጥ። የቅዳሜውን ሠርግ አንቺ በእኔ አንሺ፣ እኔ ደግሞ በአንቺ።»

ታላቅየዋ ለወጉ እንኳ አልተግደረደረችም። ቅዳሜ አዲሱን ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሌንስ ስትቀይር፣ ያነሳችውን እያጎላች ስታጣራ ዋለች። ዘወር ብላ ባየች ቁጥር እህቷ ከአንዱ ጋር ወሬ ይዛለች። «ዛሬ ጉዷ ይፈላል» አለች በልቧ።

ሙሽሮቹ ሊመርጡ ሲመጡ ማን የቱን እንዳነሳ አልተነገራቸውም። የታላቅየዋን ሥራ «ያምራል፣ ያምራል» እያሉ አለፉት። ከዚያ ከታናሽየዋ ፎቶዎች በአንዱ ላይ የሙሽራዋ አባት ብቅ አሉ፤ ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ጫማቸውን አውልቀው፣ ይሳቁ ያልቅሱ በማይለይ ፊት ልጃቸውን ያያሉ። ሙሽራዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይሄን በትልቁ አድርጉልኝ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

ታላቅየዋ ጥላው ውስጥ ያለውን አሸዋ አየችው። ከእሷ በቀር ያየው አልነበረም። ቅናቱ የባሰባት ያን ጊዜ ነው። ካሜራው ቢሆን ኖሮ ቆጥባ ትገዛው ነበር። ይሄንን ከየት ትግዛው?

ሙሽሮቹ እንደወጡ ካሜራውን እህቷ ፊት አስቀመጠችው።

«ሰውዬውን ምን ብለሻቸው ነው?»

«ምንም። ጫማው ጠበብዎት ወይ አልኳቸው።»

«ይኸው ነው?»

«‹ጫማስ ይወልቃል› አሉኝ። ከዚያ ስለ ልጃቸው ሲያጫውቱኝ ቆዩ።»

ታላቅየዋ የራሷን ካሜራ መልሳ ወሰደች። ምሳዋንም ሳትነካው ዋለች።

በሚቀጥለው ሠርግ የድሮ ካሜራዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከሙሽራው አያት አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። እንደምንም፣ «እማማ፣ ደከምዎት እንዴ?» አለች።

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «አዬ ልጄ! እኔ ያገባሁ ዕለት እኮ…» ብለው ጀመሩ።

እህቷ ከአዳራሹ ማዶ ቆማ እያየቻት ፈገግ አለች። የታላቅየዋ ደም ፈላ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሳችም።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለቻቸው።