ጋሼ አልሞትም አለ

«ተነፈስክ፣ ጋሼ! እንደገና!» አለ ዳይሬክተሩ።

አልጋው ላይ በጀርባው የተንጋለለው ታላቅ ወንድሙ አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ። «ምን ላድርግ? ከዚህ በፊት ሞቼ አላውቅ፤ ገና መለማመዴ ነው።»

ካሜራማኑም፣ መብራት ያዡም፣ ሜካፕ የምትሠራዋም ሳቁ። ዳይሬክተሩ አልሳቀም። የሳቅ ቦታ እንደሆነ ግን ገብቶታል፤ የሳቅና የለቅሶ ቦታ መለየት አይደል እንጀራው።

በዚህ የቴሌቪዥን ድራማ በተደጋጋሚ ተሸልሟል። የመጨረሻውን ዋንጫ ሲቀበል ጋዜጠኛዋ ምን እንደተሰማው ብትጠይቀው፣ «ከበደኝ» አለ። ሰው ትሕትና መሰለውና አጨበጨበለት። ዋንጫውን ማለቱ ነበር።

የድራማውን አባወራ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ የሚጫወተው ታላቅ ወንድሙ ነው። ልጆቹን ያሳደገው በዚሁ ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው ሁሉ «አባባ» ይለዋል። ዛሬ አባወራው እንዲሞት ታዟል።

ጦሱ የምላስ ነው። የጣቢያው የፕሮግራም ኃላፊ ድሮ እነሱ ዘንድ የካሜራ ሽቦ የሚጠቀልል ልጅ ነበር፤ በኋላ ተምሮ መጣ ተባለና ከበላያቸው ተሾመ። ወንድምየው በቅርቡ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ፣ «ያ ልጅ ሽቦ ሲጠቀልል እንኳ ይጠላለፍበት ነበር፤ አሁን ጣቢያውን ጠቅልሎ ያዘው» ብሎ ቀለደ። አገር ሳቀ። የተማረ ሰው ቂም ደግሞ በፈገግታ ነው የሚመጣው። ኃላፊው በማግስቱ ዳይሬክተሩን ቢሮው አስጠራው።

«አንጋፋው፣ አባወራው በቃው መሰለኝ። ይሙትልን።»

«ተመልካች ይወደዋል እኮ።»

«እንዲያውም ደህና ይለቀስለታላ! ብቻ ሞቱ የእውነት ሞት ይሁን፤ በኋላ ከሆስፒታል አምልጦ እንዳይመጣብኝ። አንተ ካልቻልክ የሚችል አለ።»

ዳይሬክተሩ «እሺ» ብሎ ወጣ። ሰው እንዲህ ነው፤ ሲወጉት ሲወጉት ቆዳው ይደነድንና ወንድሙን ሲወጉበትም አይሰማውም።

«ጸጥታ! ቅረጽ!»

አባወራው ሞተ። ሚስቱን የምትጫወተዋ ተዋናይት ደረቷን እየደቃች ላዩ ላይ ተደፋች። ወዲያው አንሶላው ከፍ፣ ዝቅ አለ።

«ቁረጥ! ትንፋሽህን ያዝ አላልኩህም?»

ወንድምየው ተነስቶ ተቀመጠና በእጁ ጠራው። ሲጠጋለት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማሙሽ፣ እምቢ አላልከውም አይደል?»

«አላልኩትም።»

«ምነው?»

«እንጃ፣ ጋሼ።»

«አፍህን በእኔ ስም የፈታህ ልጅ፣ ለእኔ ሲሆን ተዘጋብህ?»

ዳይሬክተሩ ትራሱን አስተካከለለት። «ተኛ በቃ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«አንድ ጊዜ ብቻማ ነው፤ ስንቴ ሊሞት ነው ሰው?» አለና ተኛ።

እንደገና ተቀረጸ። አሁን ወንድምየው የምሩን ሞተ። ተዋናይቷ ለቅሶዋን እስክትጨርስ ድረስ ፊቱ ላይ አንድ ጅማት አልተንቀሳቀሰም። ሜካፕ የምትሠራዋ ዓይኗን ጠረገች። ዳይሬክተሩ ሞኒተሩ ላይ አፍጥጦ፣ ሐዘን ይሁን ቁጣ፣ አንድ ነገር ከሆዱ ፈለገ፤ አጣ። መጨረሻ ላይ፣ ካሜራው ሊርቅ ሲል፣ የሬሳው ደረት ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ቀስ ብሎም ተመለሰ።

«አሁንስ አለቀልን ስል!» አለ ካሜራማኑ። «እንድገመው?»

በሥራ ዘመኑ ሁሉ የማይክ ጥላ እንኳ ያለፈበትን ምስል አሳልፎ አያውቅም።

«አልፏል» አለ ዳይሬክተሩ።

«እየተነፈሰ እኮ ነው! ኃላፊው ቢያየውስ?»

«ይየው።» ከወንበሩ ተነሳ። «ለነገ የያዝነውን የቀብር ቀረጻ ሰርዙት።»