አቻማ የሌሉበት ረድፍ

ሶሳማ አንድ ጉልበቷን አልጋው ላይ አሳርፋ፣ አንሶላውን በሁለት እጇ ጨምድዳ አማቷን ወደ ግራ ጎናቸው ስታዞር ትከሻዋ ቋ አለ። አሮጊቷ አቃሰቱ። እሷም አቃሰተች። ዳሌያቸው ላይ ያለው ቁስል ከትናንቱ ሰፍቷል። ሐኪሙ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጡ፣ የሚያገላብጧቸውም ሁለት ሰዎች ይሁኑ ብሎ ነበር። ሁለተኛው ሰው ከየት እንደሚመጣ ግን አልነገራትም። ባሏ ቫርጊስ ኩዌት መኪና ይነዳል፤ ልጆቿ አግብተው ሄደዋል።

ከማድ ቤት የዓሣ ወጥ ይሸታል። የቅበላ ቀን ነው። ነገ እሁድ የልደት ጾም ይገባል፤ በአገሯ ሥርዓት ሃያ አምስት ቀን ነው፤ ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ሶሳማ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ገድፋ አታውቅም። እንቁላል በነካ ማንኪያ ሻይ አታማስልም። በዚያ ደብር እንደ እሷ ያሉ ሞልተዋል፤ የሚጠብቁት ሕፃን እንደተወለደ የየቤቱን ድስት ከፍቶ የሚያሸት ይመስላቸዋል።

ጎረቤቷ ታንካም በጓሮ በር ገባች። ታንካም ሂንዱ ናት፤ ሶሳማ ቅዳሴ ስትሄድ አሮጊቷን የምትጠብቅላት እሷ ናት።

"እትዬ፣ ሰምተሻል? እማማ አቻማ ውሃ ጉድጓዱ አጠገብ አንሸራቷቸው ወደቁ። እግራቸው ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ተኝተዋል።"

ሶሳማ አንሶላውን ለቀቀች። "ነገ ቤተ ክርስቲያን አይመጡም ማለት ነው?"

"ተሰበሩ እያልኩሽ?" ታንካም ዓይን ዓይኗን አየቻት። "ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ አመማቸው ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር።"

ሶሳማን ያስደነገጣት የአቻማ እግር ሳይሆን የአቻማ ቦታ ነው። በቅዳሴው መሀል ከመሠዊያው የሚወጣው ሰላም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሕዝቡን ያዳርሳል። በሴቶቹ በኩል ከሶሳማ ወደ አቻማ፣ ከአቻማ ወደ ራሄል ይሄዳል። ራሄል የቫርጊስ እህት፣ አልጋ ላይ ያሉት አሮጊት ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አሮጊቷ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ አንደበታቸው የተዘጋ ለት፣ ራሄል ጠያቂ በሞላበት ቤት "ደም ግፊት እንዳለባት እያወቀች በደረቅ ዓሣና በጨው ጨረሰቻት" አለች። ሶሳማም "ከዛሬ ጀምሮ የፊት ደጄን እንዳትረግጪ" አለቻት። ራሄል አልረገጠችም። ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው፤ በጀልባ አሥር ደቂቃ።

"እናቷን እንዴት አደረች ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም" ትላለች ሶሳማ፣ ለሰማም ላልሰማም።

ከሰዓት በኋላ ከወጡ በሳህን ጨልፋ፣ የተቀቀለ ካሳቫ አክላ አቻማ ዘንድ ሄደች። አቻማ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጆሯቸው አይሰማምና ምስጢር እንኳ ቢሆን የሚነገራቸው በጩኸት ነው።

"ነገ አሞኛል ብዬ ልቀር ነው" ብላ ጮኸችባቸው።

"ምንሽን?"

"ትከሻዬን።"

"በትከሻ ነው እንዴ የሚቀደሰው?" አቻማ ካሳቫውን በወጡ እያጠቀሱ ጎረሱ። "በጾም መግቢያ ልትቀሪ? ለእንቁላሉ ስትጠነቀቂ እንዲህ አይደለሽም።"

"ከእሷ ጎን መቆም አልችልም።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ ቆመሽ የለ? እኔን መሀል አድርገሽ። የእናንተን ሰላም ሳመላልስ ፖስተኛ አደረጋችሁኝ። እንኳንም ተሰበርኩ።"

"የበደለችኝ እሷ ናት። እሷ ትምጣ።"

"ምን?"

"እሷ ትምጣ አልኩ።"

"በየት በኩል ትምጣ፣ ደጁን ዘግተሽባት?" አቻማ አፋቸውን ጠረጉ። "ደግሞ እሷም አመል አላት። ሰላሙን በሰጠኋት ቁጥር እጄን ጠበቅ አድርጋ ትይዝና አንድ ነገር ትለኛለች። ከንፈሯን አየዋለሁ፤ ሁልጊዜ ያንኑ ነው።"

"ምን ትላለች?"

"እኔ በምን አውቄ? አሜን እላታለሁ።"

"አሜን?"

"ታዲያ ምን ልበላት? በቅዳሴ መሀል አልሰማሁምና ድገሚልኝ ይባላል?" ወጡን እንደገና ቀመሱ። "ጨው አንሶታል፣ አንቺ ልጅ።"

አማቷ ከታመሙበት ቀን ወዲህ ሶሳማ ጨው በጣቷ ስትቆነጥር እጇ ይቆማል። ያጎረስኳቸው ያ ደረቅ ዓሣ ይሆን የጣላቸው ብላ ራሷን ያልጠየቀችበት ሳምንት የለም። ይህን ለባሏም፣ ለንስሐ አባቷም ተናግራ አታውቅም።

እሁድ ጠዋት ታንካም አሮጊቷ አጠገብ ስትቀመጥ ሶሳማ ገና አልለበሰችም ነበር። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ተነስታ ስታገላብጣቸው አድራለች። እቀራለሁ ብላ ነበር፤ ኋላ ግን ለመቅረትም ምክንያት መፈለግ፣ ለጠያቂው ሁሉ ማስረዳት እንደሚያስፈልግ አሰበችና እሱም አደከማት። ሳሪዋን ተጠቅልላ ወጣች።

ቦታው ባዶ ነው። በእሷና በራሄል መሀል የአንድ ሰው ምንጣፍ ተዘርግቶ፣ ማንም አልቆመበትም። ደብሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማን ደፍሮ ይግባበት? ካህኑ ስለ ጾም ሲያስተምሩ ሴቶቹ ምንጣፉን ያያሉ። ሶሳማ በጎን ሰረቅ አድርጋ ስታይ ራሄል ከስታለች፤ ከተከናነበችው የሳሪዋ ጫፍ ሥር ሽበት ወጥቷል። ሶሳማ የድሮ ንዴቷን ፈለገችው። ለመናደድ ግን ጉልበት ያስፈልጋል፤ እሷ ዛሬ የላትም።

ሰላሙ መጣ። ከግራዋ ያለችው ሴት እጆቿን ሰጠቻት፤ ሶሳማ በመዳፎቿ አቅፋ ተቀብላ የራሷን ፊት ዳሰሰች። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረች። አንድ እርምጃ ነው። በባዶ እግሯ የአቻማን ምንጣፍ ረገጠችና መዳፎቿን አጋጥማ ዘረጋች።

ራሄል ወዲያው አልተቀበለችም። ከዚያ ተቀበለች፤ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"እማዬ እንዴት ነች?"

ሶሳማ አፏን ከፈተች። በየእሁዱ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ለእሷም ምላሷ ላይ መጣ፤ አሜን ብላ ወደ ቦታዋ ብትመለስ ማንም አይታዘባትም ነበር።

"ዳሌያቸው ቆስሏል" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ብቻዬን ማዞር አቃተኝ፣ ራሄል። ከቅዳሴ በኋላ ነይና አብረን እናዙራቸው።"

ከራሄል ቀጥላ የቆመችው ሴት ሰላሙ ቀርቶባት አሳለች። ራሄል እጇን አልለቀቀችም።

"በጓሮ በኩል ልምጣ፣ እትዬ?"

"በፊት ለፊቱ" አለች ሶሳማ።