የረሂማ እጣቢ

ማስተዋል ሦስተኛውን ጀሪካን ቄጠማው ሥር ስትገለብጥ ልጇ ፍቅርተ ከበሩ ላይ ጮኸች።

«እማዬ! የምንጠጣውን እኮ ነው!»

«እኛ አንድ ቀን ብንጠማ አንሞትም። እሱ ግን እየሞተ ነው።»

እውነቷን ነበር። ሥሩን ከጋፋት ረግረግ በእርጥብ ጆንያ ተሸክማ ያመጣችው ቄጠማ፣ ሁለት ዓመት ጓሮውን ሞልቶ ከርሞ፣ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጫፉ እንደ ገለባ ነጣ። ረግረጉም ባሕር ዛፍ ተተክሎበት ደርቋል፤ ይኼኛው ከጠፋ ሌላ ዘር ከየትም አታመጣም። ለቀዳም ሥዑር ካህናቱ ለምእመኑ የሚያድሉትን ቄጠማ «እኔ አለሁ» ብላ ቃል የገባችው ደግሞ ራሷ ናት።

«መድረቅ የጀመረው ከላይ የሚወርደው ውሃ ሲቆም አይደል?» አለች ፍቅርተ ዝግ ብላ።

ማስተዋል ቀና ብላ ወደ አጥሩ አየች። ከአጥሩ በላይ ያለችው ጎረቤታቸው ረሂማ የሆቴል አንሶላ አጥባ ነው የምትተዳደረው። እጣቢዋ በአጥሩ ሥር እየሾለከ ጓሮውን ሲያረጥብ ኖሯል። ጥር ላይ ማስተዋል «ግቢዬን አቆሸሸችው» ብላ በቀበሌ ሸንጎ ፊት ከሰሰቻት፤ ረሂማም አንዲት ቃል ሳትመልስ ቦይ ቆፍራ ውሃውን ወደ መንገድ መለሰችው። ያን ቀን ማስተዋል ሙግት የረታች መስሏት ደረቷን ነፍታ ነበር የገባችው። ሞኝነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አሁን አፈረች።

ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ረሂማ አንሶላ እየጨመቀች ነበር።

«እንዴት አደርሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምነው፣ ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ያጠፋሁስ እኔ ነኝ። ቄጠማዬን ሲያጠጣልኝ የኖረው ያንቺ ውሃ ነው። እባክሽ መልሽልኝ።»

ረሂማ ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጥ አደረገችው።

«በሰው ፊት አዋርደሽኝ፣ ይቅርታውን ከአጥር ጀርባ? እኔ ቦዩን አልነካም፣ ማስተዋል። ያስቆፈረ ይድፈነው።»

ማስተዋል ፊቷ ጋለ። ወደ ቤቷ ልትመለስ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ቆም አለችና ግድግዳው ሥር የተጋደመውን አካፋ አንሥታ ወደ መንገዱ ወጣች።

የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በሰውና በባጃጅ ተጨናንቋል። ቦዩ ውስጥ አፈር መመለስ ስትጀምር ጎረቤቷ ጌጤ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ቆመች።

«ምን ልሁን ብለሽ ነው በዚህ ጧት?»

ማስተዋል ቀና አለች። ላቧን ጠረገችና፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ረሂማን ያለ ጥፋቷ ከስሼ ያስቆፈርሁትን እየደፈንሁ ነው።»