ፕላስተር የተለጠፈባት ካሴት

ሻሺቱ ሙዚቃ ስታዳምጥ ዓይኗ በር ላይ ነበር። ባሏ ማርቆስ ከክሊኒክ ገብቶ ካሴት ሲከፍት፣ እሱ ራሱን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እሷ ደግሞ ዘፈኑን አልፋ ውጭ የሚሄደውን ኮቴ ታዳምጣለች። ሲያልቅ «እንዴት ነበር?» ቢላት፣ «ሁለት ሰው አለፈ፤ አንዱ ቆም ብሎ ነበር» ትለዋለች።

እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። ልጇ ጽጌሬዳ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች የኩልፎ ወንዝ ወስዷታል። ማርቆስ ለክትባት ሥራ ወደ ካምባ ከወጣ መኪናው ገደል ገብቷል። ከበሩ ጀርባ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሹራብና ሁለት ሳሙና የያዘ ከረጢት ተሰቅሏል፤ «ድንገት ከመጡብን» ብላ ያዘጋጀችው ነው። አንድ ጊዜ ሳሙና ከገበያ በጠፋ ወቅት ማርቆስ ከዚያው ከረጢት አውጥቶ ሲታጠብ ደርሳበት ሦስት ቀን አኩርፋዋለች።

ታዲያ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር አምስት ቀን ሲቀረው፣ በጳጉሜን ሁለት፣ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ የካሴቱ ሳጥን ከመደርደሪያው ላይ የለም።

«ጽጌሬዳ! ሳጥኑስ?»

«የቀበሌው ጋሽ ሸዋንዳኝ ወሰዱት። ለበዓሉ በማጉያ የሚያሰሙት ሙዚቃ አጥተው።»

«ሰጠሻቸው?»

«ጠየቁኛ! ታዲያ ምን ልበል፣ እማዬ? እናቴ ትፈራለች ልበላቸው?»

ሻሺቱ ዱቄቱን ከነጆንያው መሬት ላይ ለቀቀችው።

በሳጥኑ ውስጥ ስድስት ካሴቶች ነበሩ። ከስድስቱ በአንዱ ጀርባ ላይ ግን ሙዚቃ ሳይሆን እስር ቤት የሚያስገባ ነገር ነበር የተቀዳው። ከሁለት ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያናቸው ሲዘጋ፣ ስምንት ሰዎች በዚሁ በእሷ ቤት በሩን ዘግተው ዘምረዋል። መዝሙሩን የመራው የማርቆስ ታላቅ ወንድም፣ ወንጌላዊው ኦይታ ነው። ማርቆስ ባዶ ካሴት ስላጣ ካሉት በአንዱ ላይ ደርቦ ቀዳው። በሳምንቱ ኦይታ ተወሰደ። መጀመሪያ ስንቅ ይቀበሉለት ነበር፤ ኋላ «እዚህ የለም» አሉ፤ የት እንዳለ ግን የነገራቸው የለም።

«አጥፋው!» ብላ ስንት ጊዜ ለምናዋለች። «ካጠፋሁት ወንድሜን ሁለት ጊዜ ወሰዱት ማለት ነው» ይላታል። የትኛው ካሴት እንደሆነም ሊነግራት እምቢ ብሏል። «ካወቅሽ ፊትሽ ላይ ይነበባል» ነው ምክንያቱ። እሷ በበኩሏ አንድ ነገር አስምላዋለች፤ የኦይታ ሚስት አበቡ ስለ ካሴቱ እንዳትሰማ። ከሰማች ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ጎረቤት ይሰማል። እንዲህ ብላ ነበር።

ነጠላዋን ሳታስተካክል ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሮጠች።

አዳራሹ ውስጥ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ቀይ ወረቀት ለባንዲራ ይቆርጣሉ። ሸዋንዳኝ ጥግ ላይ ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ሽቦውን በመስኮት አሾልኮ ጣሪያው ላይ ካለው ማጉያ ጋር አያይዞታል። የቀበሌው የባህል ጉዳይ ኃላፊ ነው። ከሰሜን መጥቶ አርባ ምንጭ ስምንት ዓመት ተቀምጧል፤ ከዚያ በፊት በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ጥሩምባ ይነፋ ነበር አሉ። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ሲወልቁ ጥሩምባውም ቀረ።

«ኦ፣ ወይዘሮ ሻሺቱ! ባልሽ ለካ ጆሮ ያለው ሰው ነው!»

«ጓድ ሸዋንዳኝ፣ ሳጥኑን እንኳ… ማርቆስ ሳይፈቅድ ነው ልጅቷ የሰጠችዎት።»

«ማርቆስ ካምባ ነው። አብዮቱ ፈቅዶለታል» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ይልቅ መቀስ ያዢ። አንድ በአንድ ሰምቼ ለበዓሉ የሚሆነውን ልምረጥ።»

ለጠረጴዛው ቅርብ የሆነው ቦታ ከአበቡ ጎን ነበር። እዚያው ተቀመጠች። በሌላው በኩል ሮማነወርቅ አለች፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሚስት፣ እንደ ሸዋንዳኝ ከሰሜን የመጣች፣ ጋሞኛ የማትሰማ፣ ዝም ማለትም የማትችል።

የመጀመሪያው የሱዳን ካሴት ነበር፤ በየትኛው ገጹ እንደገባ ግን ሻሺቱ አታውቅም። ቫዮሊኖቹ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ዘፋኙ ደግሞ ምሳውን በልቶ ቀጠሮ እንደሌለው ሰው ቀስ እያለ በመሃላቸው ይሄዳል። ሻሺቱ ቀናችበት። እንዲህ ያለ እርጋታ በየትኛው አገር ነው የሚገኘው? ወዲያው ደግሞ አዘነችለት። ቤቱ ሲቃጠል መጨረሻ የሚሰማው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ሁለተኛው የፈረንጅ ኦርኬስትራ ነበር። ሲጀምር አይሰማም። ኦይታ ከሥሩ ያለ መስሏት አንገቷን አስግጋ ወደ ቴፑ ተጠጋች፤ ይሄኔ ከበሮውም መለከቱም በአንድ ላይ ወረደባት። መቀሱ ከእጇ አመለጠ።

«ኧረ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ በሹክሹክታ ጠርተው በጥፊ የሚመቱ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሮማነወርቅ «ሻሺዬ፣ ይሄ እኮ በዓለም የታወቀ ነው አሉ» አለቻት።

«ይታወቃ! መታወቅ ምን ጥሩ ነገር ያመጣል?»

ሦስተኛው ከኮንጎ የመጣ ጊታር ነበር። የሴቶቹ ትከሻ ሳይፈቀድለት መነቃነቅ ጀመረ። እንደ መስኖ ውሃ እየተጠላለፈ የሚሄድ፣ መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ ሙዚቃ ነው። ሻሺቱ ወደደችው፤ ስለማያልቅ። እሷን የሚያስፈራት በዘፈንና በዘፈን መካከል ያለችው ዝምታ ናት። በዚያች ዝምታ ውስጥ ካሴቱ ሺ… እያለ ሲዞር እስትንፋሷን ትይዛለች፤ ሌላ ዘፈን ሲጀምር ትተነፍሳለች። ከጎኗ አበቡ «አሞሻል እንዴ፣ የጽጌሬዳ እናት?» አለቻት።

«ሙቀቱ ነው።»

አራተኛው የህንድ ፊልም ዘፈን ሆነ። ዘፋኟ ድምፅዋን እንደ ክር አቅጥና፣ አቅጥና ወደ ላይ ታወጣዋለች። ጽጌሬዳ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ወባ ይዟት ሳለ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከሻሺቱ ጉሮሮ የወጣው ድምፅ ይሄው ራሱ ነበር። ሻሺቱ ዘፋኟ ከምትለው አንድ ቃል አታውቅም። ልጇ እንደታመመባት ግን ታውቃለች። እንባዋ ቀዩ ወረቀት ላይ ሲወርድ ቀለሙ ጣቷን አቀላው።

አምስተኛው የክራር ካሴት ነበር። ሮማነወርቅ አብራ አንጎራጎረችና የእናቷን አገር ማውራት ጀመረች። ሻሺቱ አልሰማቻትም። አምስቱ ሳይገለበጡ አለቁ፤ አንድ ቀረ።

ስድስተኛውን ሸዋንዳኝ በሁለት እጁ ነበር ያነሣው። ሲከፍተው ጥሩምባ ነው።

ሻሺቱ ጥሩምባ የምታውቀው ለስብሰባ ሲጠራ ነው። ይሄኛው ማንንም አይጠራም። አንድ ነገር ይጀምርና ይተወዋል፤ ዞር ብሎ ይመለስበታል፤ ነካ አድርጎት ደግሞ ይተወዋል። ልክ እሷ በሩን ቆልፋ፣ አልጋ ውስጥ ገብታ፣ እንደገና ተነሥታ ቁልፉን እንደምትነካው። ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«ይሄ ሰውዬ እንቅልፍ የለውም።»

ሸዋንዳኝ ዞረ። «ምን አልሽ?»

«አይተኛም ነው ያልኩት። ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ለምን ዘገየ ብሎ ይጨነቃል።»

ሸዋንዳኝ ጥቂት አፈጠጠባት፤ ከዚያ ፊቱ እንደ ልጅ በራ። «ስምንት ዓመት እዚህ አገር ስኖር አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም! እንዲያውም ጀርባውንም እንስማው!»

ካሴቱን አውጥቶ ሲያገላብጠው ሻሺቱ አየችው። ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ የክሊኒክ ፕላስተር ተለጥፋለች።

የተዘፈነበት ካሴት ሲሸጥ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ተሰብራ ነው። በላዩ ለመቅዳት የፈለገ ሰው ያንን ቀዳዳ መድፈን አለበት። ማርቆስ ምን ዓይነት ፕላስተር እጁ ላይ እንደማይጠፋ የምታውቀው ሚስቱ ናት። ሁሉንም ሙዚቃ ስትጠረጥር ውላ፣ ያመሰገነችው አንዱ ሙዚቃ ጉዷን ሊያወጣ ነው።

መጀመሪያ ጥሩምባው ትንሽ ተነፋ። ከዚያ ቋ! የሚል ድምፅ መጣና ኦይታ መዘመር ጀመረ።

በአዳራሹ ውስጥም፣ በጣሪያው ማጉያም፣ ሙዝ ጭነው ከጫኖ በሚመጡት ጋሪዎች ላይም ተሰማ። ሰባቱ ተከተሉት። ጋሞኛ የሚሰሙት ሴቶች መቀሳቸውን አቆሙ። አበቡ ግን መቀሱን ከፍታ ይዛ፣ ወረቀቱን ሳትቆርጥ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ ቀረች። የባሏን ድምፅ ከሰማች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ሸዋንዳኝ።

«የ… የገበሬ ዘፈን ነው» አለች ሻሺቱ። «ጫኖ ሙዝ ሲቆርጡ የሚዘፍኑት።»

«ሙዝ?»

አበቡ ዓይኗን ከቴፑ ሳትነቅል «ሙዝ ነው» አለች። «ሙዙ ሲበስል ነው እንዲህ የሚዘፈነው።»

ሻሺቱ መዝሙሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ «ጾሲ» የሚል አለ፤ የእግዚአብሔር ስም ነው። ጋሞ ምድር ላይ አንድ ዓመት የቆየ ሰው ይህችን ቃል ሳይሰማ አይውልም፤ ሸዋንዳኝ ደግሞ ስምንት ዓመት ቆይቷል። «ጾሲ» አለ ኦይታ። ሸዋንዳኝ ጉንጩን አሸት አደረገ። ገና ምንም ሳይል ደግሞ ከማጉያው የአንዲት ሴት የተደናገጠ ድምፅ በጋሞኛ ጮኸ። በሩን ዝጉት፣ ሰው መጣ፣ ነበር የምትለው። ሻሺቱ ራሷ ናት።

ሮማነወርቅ እጇን አጨበጨበች። «እንዴ! ሻሺዬ፣ ያንቺ ድምፅ! ሞቼ እገኛለሁ፣ ያንቺ ነው! ምን እያልሽ ነው?»

«ሙዙን ቀስ ብላችሁ አውርዱት ነው ያልኩት።»

«እዚያም ትጨነቂያለሽ!»

ሸዋንዳኝ ቴፑን ዘጋ።

«እንዲህ ያለ ጥሩምባ ላይ ሙዝ ይደረባል?» አለ። «ለማንኛውም ጀርባው አንዴ ተበላሽቷል። ሊቀ መንበሩ ለበዓሉ የሚያነቡትን ንግግር ቅዳልኝ ብለውኛል፤ በከተማው ባዶ ካሴት የለም። በዚሁ ላይ እንቀዳዋለን። ሜክሮፎኑን ላምጣ።» ብሎ ወደ ጓዳው ገባ።

ሻሺቱ ስትጸልይ የኖረችው ይሄንኑ ነው። በሊቀ መንበሩ ንግግር ከመደምሰስ የተሻለ መደምሰስ ከየት ይገኛል? እሷ አጠፋችው የሚል የለም። ማርቆስም ሊቆጣት አይችልም። ዛሬ ከረጢቷን ፈትታ ሳሙናውን ታወጣለች።

ወደ አበቡ ዞረች። አበቡ አታለቅስም። ሻሺቱ ሁለት ዓመት የፈራችው ልቅሶ የለም። የተቆረጡትን ወረቀቶች በጭኗ ላይ አንድ በአንድ እያስተካከለች ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቴፑ ሲዘጋ የተቋረጠውን አራተኛ ስንኝ ለባሏ እየጨረሰችለት ነበር።

ሻሺቱ ተነሣች። ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ቴፑን ከፈተች፤ ካሴቱን መዝዛ ፕላስተሯን በጥፍሯ ላጠቻት። ካሴቱን መልሳ ዘጋችው። ፕላስተሯ ግን እጇ ላይ ተጣብቃ አልወርድ አለች። የሸዋንዳኝን ኮቴ ስትሰማ በሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ ለጥፋት ቦታዋ ተቀመጠች።

ሸዋንዳኝ ሜክሮፎኑን ሰካ፤ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነው። አልወርድም አለ። ደግሞ ተጫነው። ካሴቱን አውጥቶ ጫፉን አየ፤ ባዶውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። አውራ ጣቱ ጣበቅ አለ። ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ሴቶቹን አየ፤ ከዚያ የሻሺቱን ጣት አየ።

«ቆረጠሽ?»

«መቀሱ።»

«ደም የለውም።»

«ፕላስተሩ ይዞት ነው።»

ከባንድ ዘመኑ ጀምሮ ካሴት ሲቀዳ የኖረ ሰው ነው፤ ፕላስተር ለምን እንደሚለጠፍ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ሻሺቱ በሆዷ እስር ቤት ገባች፤ ጽጌሬዳን ለጎረቤት ሰጠች፤ ማርቆስን ከካምባ መንገድ ላይ አስያዘች። ይህ ሁሉ እሱ ካሴቱን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ እስኪከት ድረስ ነበር።

«ለሊቀ መንበሩ ካሴት አልተገኘም እላቸዋለሁ» አለ ለማንም ሳይሆን። ሳጥኑን ዘግቶ ሰጣት። «የሱዳኑንና የኮንጎውን አስቀርቻለሁ። ሌላው ለበዓል አይሆንም። ጥሩምባውን… ለሰው አታውሺ።»

መንገድ ላይ ሻሺቱ ሳጥኑን በነጠላዋ ሸፍና፣ ኋላዋን እያየች ትራመዳለች። አበቡ ደረሰችባት።

«ሙዝ ነው አልሽው?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ኦይታ እኮ ሙዝ አፉ ላይ አያደርስም።» ሳቋ መጣ፤ መሃሉ ላይ ተሰበረ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቤትሽ ነበር?»

ማንም ሰው ሊያያቸው ይችላል፤ ሰውዬው ሐሳቡን ለውጦ ነገ ሊመጣ ይችላል፤ ከጋሪው ላይ የሰማም ሰው ይኖራል። ሻሺቱ ይህን ሁሉ እያሰበች፣ «ነገ ነይ» አለቻት። «በቀን ነይ። እህል ልትበደሪ እንደመጣሽ ሆነሽ፣ ጎተራ ይዘሽ… ኧረ ቁና ይዘሽ።»

ቤት ገብታ ካሴቱን ሸሸገችው። ፕላስተሯን ግን ከጣቷ አላወለቀችም፤ ሸዋንዳኝ መንገድ ላይ አግኝቶ ቁስሉን ሊያይ ይችላል። እስከ በዓሉ ማግስት ድረስ፣ ወጥ ስትሠራም፣ ልብስ ስታጥብም፣ ያልተቆረጠውን ጣቷን እንደያዘች ሰነበተች። በማግስቱ ስትልጣት ቆዳዋ ነጥቶና ተጨማዶ ነበር። ማርቆስ መልሶ ለጥፏት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ብላ ፕላስተሯን ከሰል ምድጃው ውስጥ ጣለቻት።

ከዚያ ከበሩ ጀርባ ወዳለው ከረጢት ሄዳ ሦስተኛ ሳሙና ጨመረች።